ዲናሞው ሲዘፍን

መጀመሪያ የሰማችው እናቴ ናት።

ኅዳር ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት የአክስቴን የልጅ ልጅ ክርስትና ደርሰን ወደ ደብረ ብርሃን እየተመለስን ነበር። ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማበርን ዳገት ስንያያዘው ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለስኩና ነዳጅ ረገጥኩ። ላፕቶፑ ላይ መዝሙር ከፍቻለሁ። እናቴ ከኋላ ጋቢዋን ደርባለች። ሮቢት ሲያልበን ውለን ጣርማበር ላይ የሚጠብቀን ጥርስ የሚያፋጭ ብርድ ነው።

«ይኼ የሚያለቅሰው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የቱ እማዬ? ዘማሪዋ ናት?»

«ዘማሪዋንማ ለየኋት። ሌላ አለ። ነዳጅ ስትረግጥ ይብሰዋል።»

ጆሮዬን ሰጠሁ። እውነቷን ነው። ከመዝሙሩ ሥር ቀጭን፣ እንደ ትንኝ ያለ «ሲይይይ» አለ። ስረግጥ ይሾላል፣ ስለቅ ይወፍራል። ማርሽ ስቀይር ለአፍታ ዝቅ ይልና ተመልሶ ይወጣል። ለወራት አብሬው ስነዳ ጆሮዬ ለምዶት ኖሯል። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ሙዚቃውን ትቼ እሱን ብቻ መስማት ጀመርኩ። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ደግሞ የባሰ ጎልቶ ተሰማኝ። ጣልያን ቀዶት የሄደው ያ ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ለእኔ የዚያን ቀን አሥር ኪሎ ሜትር ሆኖብኝ ነው የወጣሁት።

ሥራዬ ሰርግ ነው። ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ ሞንታርቦ አከራያለሁ፣ ሲያስፈልግም ሙሽሮችን በራሴ መኪና አጅባለሁ። መኪናዋ አሮጌ የናፍጣ ቶዮታ ሚኒባስ ናት፤ ሞተሯ ከፊት ወንበሮች ሥር የተቀበረ። ውስጧ ላፕቶፕ ተክያለሁ። ከላፕቶፑ ቀጭን የድምፅ ገመድ ወደ ቴፑ ይሄዳል፤ ከቴፑ ደግሞ ሌላ ገመድ ከኋላ ወንበር ሥር ወዳለው አምፕሊፋየር።

«ስልክ አይበቃህም ወይ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አይበቃኝም። አንድ ጊዜ በስልክ ሞክሬ ነበር። ጫጫ አካባቢ የሙሽሪት ቤት በር ላይ ቆመናል፤ ሚዜዎቹ ይጋፋሉ፣ እስክስታው ደርቷል። ድንገት ዘፈኑ ቁርጥ አለና የጓደኛዬ ድምፅ ሰርገኛውን በሙሉ አናወጠው፦ «ናፍጣ ገብቷል! ወረፋ ይዤልሃለሁ፣ ቶሎ ድረስ!» የሙሽሪት አባት እስከ ዛሬ «ናፍጣው» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ደግሞም የሃያ ዓመት ዘፈንና የቀረጽኩት ቪዲዮ ሁሉ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው።

መጀመሪያ ላፕቶፑን የማበላው በኢንቨርተር ነበር። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ያወጣዋል፣ ከዚያ የላፕቶፑ ቻርጀር መልሶ ወደ 19 ያወርደዋል። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ለመሄድ በአዲስ አበባ እንደ መዞር ነው። ያኔ የነበረው ድምፅ ሌላ ነው፤ ወፍራም «ዝዝዝዝ»፣ ሞተሩ ጠፍቶም የማይቆም። ርካሽ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ እንደ ቤት መብራት ለስለስ ያለ አይደለም፣ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው። ያ መቆራረጥ በቻርጀሩ በኩል ሾልኮ ድምፁ ውስጥ ይገባል። ኢንቨርተሩን አውጥቼ ላይተር ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ 12ን በቀጥታ ወደ 19 የሚያወጣ የመኪና ቻርጀር ገዛሁ። ዝዝታው ጠፋ። ተገላገልኩ ብዬ ዝም አልኩ። ለካ ዝዝታውን ሸጬ ለቅሶ ነው የገዛሁት።

ታኅሣሥ የጾም ወር ነው፤ ሰርግ የለም። ጥር ሳይገባ ላስተካክለው ቆርጬ ተነሳሁ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ሞኝነት ሳልደብቅ ልናገር፣ ሌላው ገንዘቡን እንዳያባክን።

መጀመሪያ ላፕቶፑ ሞተሩ ላይ ስለተቀመጠ ነው ብዬ ወደ ኋላ ወንበር አዛወርኩት። ለውጥ የለም። ቀጥሎ አንድ የዕቃ መደብር «ይኼ ነው መድኃኒቱ» ብሎ የሸጠልኝን ፊልተር በቴፑ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ አስገባሁ። የሲጋራ ፓኮ የምታክል ነገር ናት፤ ውስጧ ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር አለ። እሷም ምንም። ከዚያ ገመድ ላይ የሚቆለፉ ጥቁር ማግኔት መሳይ ቀለበቶች፣ ፌራይት የሚባሉትን፣ አራት ገዝቼ ገመዱን ሁሉ አንገቱን አሰርኩት። እነዚያ ጥሩ ናቸው፣ ግን ለሌላ በሽታ። የሬዲዮን ዓይነት በጣም ፈጣን ሞገድ ነው የሚያፍኑት። የዲናሞ፣ ሞተሩ እያዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዕቃ፣ ለቅሶ ለእነሱ በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ ሳያዩት ያልፋል። በመጨረሻ ወፍራምና ውድ የድምፅ ገመድ ቀየርኩ። ገመዱ ያምራል። ለቅሶውም በጥራት ይሰማ ጀመር።

ያዳነኝ የእህቴ ልጅ ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ይማራል። ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ መኪናዋን አስነስቼ ቁጭ ብያለሁ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሳም። ልጁ እጁን በጃኬቱ ኪስ ከትቶ መጣና ትንሽ አዳመጠ።

«ጋሼ፣ እስቲ ቻርጀሩን ንቀለው።»

«ላፕቶፑ ይጠፋላ!»

«ባትሪ የለውም እንዴ?»

አለው። ነቀልኩት። ፀጥ። እንደዚያ ያለ ፀጥታ ከዚያ ማጉያ ወጥቶ አያውቅም። ሰካሁት፣ «ሲይይይ»። ነቀልኩት፣ ፀጥ። ልጁ ይስቃል። እኔ ለፊልተሩና ለቀለበቱ ያወጣሁትን ብር በልቤ እደምራለሁ።

«አሁን ደግሞ ቻርጀሩን ሰክተህ የድምፁን ገመድ ከላፕቶፑ ንቀል» አለኝ። እሱም ፀጥ። ማለት ላፕቶፑ ብቻውን አይጮኽም፣ አምፑም ብቻውን አይጮኽም። ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ላይ ሲሰኩ ብቻ ነው ለቅሶው የሚመጣው። ይቺ አንድ ደቂቃ የማትፈጅ ሙከራ ናት። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ዕቃ ስገዛ ከርሜ ነው የደረስኩባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ውስጥ ኔጋቲቩ የመኪናው ብረት ራሱ ነው፤ ባለሙያዎቻችን ከጣልያን በወረስነው ቃል «ማሳ» ይሉታል። እኛ ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው ብለን እናስባለን። አይደለም። ዲናሞው ባትሪውን ሲሞላ፣ መብራቱ ሲበራ፣ ማሞቂያው ሲነፋ፣ ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ በብረቱ ውስጥ ነው ወደ ባትሪውና ወደ ዲናሞው የሚመለሰው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ አጠገብ ያለው ማሳና ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ማሳ እኩል አይደሉም። ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ የቮልት መቶኛ። ግን የድምፅ ገመዱ የሚሸከመው ራሱ ከአንድ ቮልት በታች ነው። የገመዱ ውጫዊ ሽቦ ሁለቱን ማሳዎች ሲያገናኝ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ሮቢት መስኖ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ውኃ ሁለት ቦይ ከተከፈተለት በሁለቱም ይሄዳል። በዋናው ቦይ መሄድ የነበረበት ቆሻሻ በእኔ የመዝሙር ቦይ ገባ።

የገዛሁት ቻርጀር ደግሞ የሚገባው ኔጋቲቭና የሚወጣው ኔጋቲቭ አንድ ሽቦ ነው። ላፕቶፑን ከላይተር ሶኬቱ ማሳ ጋር እጅ ለእጅ አያያዘው። አምፑ ከኋላ የራሱ ማሳ አለው። ቀለበቱ ተዘጋ።

ለቅሶው ለምን ከነዳጁ ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ ልጁ በወረቀት አሰላልኝ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል እንበል። ፑሊው ዲናሞውን 2.5 እጥፍ ካሮጠው 2,000 ዙር ይሆናል። 12 ፖል፣ ማለት ስድስት ጥንድ የማግኔት ጫፍ፣ ላለው ዲናሞ ይኼ በሰከንድ 200 ሞገድ ነው። ግን ዲናሞ ባለሦስት ፌዝ ነው፤ 6 ዳዮዶች፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዕቃዎች፣ ያንን ሲያቃኑት በአንዱ ሞገድ ላይ ስድስት ጉብታ ይቀራል። 200 በ6፣ በሰከንድ 1,200። ዳገቱ ላይ ሞተሩ 2,000 ሲዞር ደግሞ 3,000 ይደርሳል። የሰው ጆሮ በጣም ንቁ የሆነው እዚያው ሠፈር ነው። እናቴ ብትሰማው አይገርምም።

ወረቀቱን ይዤ መናኸሪያው ጀርባ ወዳሉት አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሄድኩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ወረቀቱን አላዩልኝም። ቴስተራቸውን አወጡ።

ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12.5። አስነስተን 14.1። ቴስተሩን ወደ ኤሲ፣ የሚንቀጠቀጠውን ኤሌክትሪክ ብቻ ወደሚለካው፣ ቀየሩና እዚያው ባትሪው ላይ ለኩ፦ 0.05።

«ዲናሞህ ጤነኛ ነው» አሉ። «አንዱ ዳዮድ ቢቃጠል ይኼ ቁጥር ግማሽ ቮልት ምናምን ይሆን ነበር። ያኔ የፈለግከውን ፊልተር ብታስር አያድንህም። ማሳህን አሳየኝ።»

የኋላውን ወንበር አነሳንላቸው። የአምፑን ጥቁር ሽቦ ያሰርኩት በወንበሩ ቡሎን ነበር። ጋሼ ቡሎኑን ፈቱት፣ ሽቦውን ገለጥ አደረጉና ጣታቸውን ከሥሩ ባለው ቀለም ላይ አሻሹ። መኪናዋ ከእኔ በፊት ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብታለች። የታችኛው ሰማያዊ፣ የላይኛው ነጭ፤ ሽቦዬ የተቀመጠው ነጩ ላይ ነው። ብረቱን ጨርሶ አልነካውም። የሚገናኘው በቡሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር፣ እሱም ዝጎ።

«ማን ነው ያሰረው ይኼን?»

ዝም አልኩ።

«ቀለም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ብሎ ያስተማረህ ማን ነው?»

አሁንም ዝም። እኔው ነኛ ያሰርኩት።

በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት። ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገቡ፣ ሽቦውን ከግማሽ ሜትር በታች አሳጠሩት፣ አጥብቀው አሰሩና ዝገት እንዳይበላው ከላይ ግሪስ ቀቡት። ከዚያ ከሞተሩ ወደ ሻሲ የምትሄደዋን የተጎነጎነች ማሳ አዩ። አረንጓዴ ሆናለች። የተጠለፈ ሹሩባ ላይ እንደ በቀለ ሽበት ግማሹ ክር ተበጣጥሷል። እሷን ቀየሩ።

አስነሳን። ለቅሶው በግማሽ ቀነሰ። ግማሽ ግን ግማሽ ነው፤ አለ።

እዚህ ላይ ሁለት አቋራጭ ሞከርኩ። አንደኛው የድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ፣ ውስጡ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር ያለው አይሶሌተር ነው። ድምፁ በማግኔት ይሻገራል፣ ማሳው አይሻገርም። ለቅሶው ድራሹ ጠፋ። ደስ ብሎኝ መዝሙር ከፈትኩ። ከበሮው የለም! አለ፣ ግን «ድም» ማለቱን ትቶ «ጥክ» ይላል፤ ሰው ካርቶን የሚመታ ይመስላል። ትንሽ ትራንስፎርመር ወፍራም ድምፅ ሲመጣበት ብረቱ ይሞላበትና መሸከም ያቅተዋል። ዋጋው ከፍ ያለ፣ ትራንስፎርመሩ ትልቅ የሆነ አለ ይባላል፤ ለዜና ለሚያዳምጥ ሰው ግን ርካሹም ይበቃዋል። ከበሮ የሌለው ሰርግ ግን እኔ አላጅብም።

ሁለተኛው ብሉቱዝ ነው። በአየር የሚሄድ ነገር ማሳ የለውም። ትንሿን መቀበያ ቴፑ ላይ ሰካሁ፣ ለቅሶው የለም። ሁለት ነገር ግን ገጠመኝ። ቪዲዮ ስከፍት ድምፁ ከከንፈሩ ይዘገያል፤ ሙሽራው «አሜን» ብሎ አፉን ከዘጋ በኋላ ነው «አሜን» የሚሰማው። ደግሞ በሦስተኛው ቀን የመቀበያዋ ባትሪ አለቀና ላይተር ሶኬቱ ላይ ባለው የስልክ ቻርጀር ሰካኋት። «ሲይይይ!» እንግዳው በመስኮት ወጥቶ በበር ተመለሰ። ሽቦው ያው ነው፣ ማሳው ያው ነው፤ ቀለበቱ እንደገና ተዘጋ።

ስለዚህ ወደ ጋሼ ምክር ተመለስኩ፦ «ሁሉንም አንድ ቡሎን ላይ እሰር።» ነገሩ ይኼው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ማሳዎቹ የሚለያዩት ቦታቸው ስለተለያየ ከሆነ ቦታቸውን አንድ አድርግ። አንድ እሁድ ሙሉ ፈጀብኝ። ከኋላ፣ ያ ከተፋቀው ቡሎን፣ ወፍራም ጥቁር ሽቦ በወለሉ ምንጣፍ ሥር ወደ ዳሽቦርዱ ሳብኩ። የቴፑን ማሳ ከነበረበት ቆርጬ እሱ ላይ በሶልደር አያያዝኩት። የላፕቶፑን ቻርጀር ከላይተር ሶኬቱ አስወጣሁ። ፖዘቲቩን በራሱ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው አመጣሁለት፣ ኔጋቲቩን እዚያው ጥቁር ሽቦ ላይ አሰርኩ። ፖዘቲቩ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ 10 አምፔር ፊውዝ አስገብቻለሁ። ይቺን ፊውዝ የሚዘል ሰው እንዳይኖር። ላፕቶፑ ከ6 አምፔር ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን ያ ሽቦ መንገድ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ ፊውዝ ከሌለ የሚቃጠለው ሽቦው ብቻ አይደለም።

ምንጣፉን ሳነሳ ሌላም ነውሬን አገኘሁ። ድሮ አምፑን ስገጥም የባትሪውን ወፍራም ሽቦና የድምፁን ገመድ ለውበት ብዬ ጎን ለጎን፣ በየስንዝሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬ ነበር። እንደ ሙሽራና ሙሽሪት። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያውን ማግኔት ያደርጋል፤ ያ ማግኔት ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ያለው የድምፅ ገመድ ይሰማዋል። ለየኋቸው። ኃይሉ በቀኝ ግድግዳ፣ ድምፁ በግራ። መገናኘት ግድ የሆነባቸው አንድ ቦታ ላይ መስቀል ሠርተው ይተላለፋሉ እንጂ አብረው አይተኙም።

ማታ ላይ አስነሳሁ። ፊት መብራቱን አበራሁ፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ፣ ነዳጅ ረገጥኩ። ምንም። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጌ ጆሮዬን ማጉያው ላይ ስለጥፍ፣ አዎ፣ በጣም ሩቅ የሆነ ክር የምታህል ነገር አለች። እህቴን ጠርቼ አሰማኋት። «ምንም የለም» አለች። ልጇ ግን በጎን ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ጨርሶ እንዲጠፋ ከፈለግክ መግቢያውና መውጫው የማይገናኝ ቻርጀር ፈልግ፤ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው» ይላል። መርካቶ ሲሄድ እንዲጠይቅልኝ ነግሬዋለሁ። ሲገኝ እናያለን።

ከለቅሶው በኋላ የቀረችው «ሽሽሽ» ናት፤ ዝናብ በሩቁ የሚመስል። እሷ ከማሳ አይደለችም፣ ከስስት ናት። አምፑ ላይ ያለውን የጌይን ብሎን ድምፁ ይጨምራል ብዬ እስከ ጥግ አዙሬው ነበር። ጌይን የሚያጎላው ዘፈኑን ብቻ አይደለም፤ ገመዱ ላይ ያለውን ዝባዝንኬ ሁሉ ነው። ላፕቶፑን 85 በመቶ ላይ አቆምኩ፣ ቴፑን ሩብ ጎደል አደረግኩ፣ ከዚያ ብሎኑን ከዜሮ ተነስቼ በቀስታ የሚበቃኝ ላይ ሳደርስ አቆምኩ። ከግማሽ በታች ነው የቆመው። ሽሽታው በነጋታው የለም።

ማውሱን ሳንቀሳቅስ የምትሰማ «ጭር ጭር»ም ነበረች። እሷ ከላፕቶፑ ሆድ ነው የምትመጣው፤ የድምፅ ክፍሉ ከሌላው ማሽን ጋር አንድ ቦርድ ላይ ተጨናንቆ ነው የሚኖረው። ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ጣት የምታክል የድምፅ ካርድ ገዛሁ፣ ቀረ። የአማቼ ቤንዚን ኮሮላ ላይ ደግሞ የሚሰማው «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ነው። እሱ ከካንዴላ ኬብሎቹ ነው። የእኔዋ ናፍጣ ናት፤ ካንዴላ የላት፣ ጠቅታም የላት። አማቼን ኬብሉን ቀይር ብየዋለሁ። «መኪናው ይሄዳል አይደል?» ይለኛል።

ጥር ገባ። ከበሮው «ድም» ይላል፣ ሰርገኛው ይጨፍራል፣ ናፍጣ ገባ ብሎ የሚጮኽ የለም። በወሩ መጨረሻ እናቴን አክስቴ ዘንድ አድርሼ መለስኳት። ለዚህ ቀን ነበር የተዘጋጀሁት። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተን ዳገቱን ተያያዝነው። ሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ እስከ ወለል። መዝሙሩን ከፍ አደረግኩላት። በመስታወት አያታለሁ። ቆሎዋን እየቆረጠመች ወደ ጉሙ ታያለች።

«እማዬ፣ እንዴት ነው?»

«ምኑ?»

«ድምፁ ነዋ! ለቅሶው።»

ቆሎዋን አቆመች። አዳመጠች።

«ያለቅሳል እኮ» አለች።

አልተከራከርኳትም። መዝሙሩን አቆምኩ። አለ። ላፕቶፑን ዘጋሁ። አለ። ቴፑን አጠፋሁ፣ አምፑን አጠፋሁ። ዳር ይዤ ቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ነዳጅ ረገጥኩ። «ሲይይይ።» ከወንበሬ ሥር። ወርጄ የተሳፋሪውን ወንበር አነሳሁ፣ ረጅም ብሎን መፍቻ አወጣሁ፣ ጫፉን ዲናሞው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ደገንኩ። ብረት ብረትን ሲፍቅ ይሰማል። የኤሌክትሪክ ነገር አይደለም። የዲናሞው ኩሽኔታ ነው፣ ያለቀ።

«ሁለት ወር ሙሉ ማጉያውን ስፈታና ስገጥም እኮ ነው የከረምኩት» አልኳት፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ።

«እኔ መቼ ከማጉያው ነው አልኩህ?» አለችኝና ቆሎዋን ዘረጋችልኝ።